የመርዶ ነጋሪው በር

ከአስከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች የጋዝጊብላ ቀበሌ ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሟች ቤተሰብ አይደለም፤ ለአያ ፋንታሁን ነው። ሟቹ ሁመራ ይሙት ኮምቦልቻ፣ መልእክተኛው የባለሐዘኑን ቤት በሩቁ ይዞርና አንገቱን ደፍቶ በቀጥታ ወደ አያ ፋንታሁን ደጅ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል። መርዶ ነጋሪ ነዋ!

ማወቅስ ያውቅበት ነበር፤ ሐሰት ምን ያደርጋል። መቼ እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ነው። የሟቹ እህት እርጉዝ ከሆነች እስክትገላገል ይቆያል። አውድማ ላይ እህል ካለ ተወቅቶ እስኪገባ ይቆያል። ድግስ የተደገሰ እንደሆነማ ጭራሽ አይነሳም። እስከዚያ ድረስ አገሩ በሙሉ አፉን ይይዛል። ባለሐዘኑን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ፈገግ ብሎ “እንዴት ዋልክ” ይለዋል፤ እሱም ሞኙ “እግዜር ይመስገን” እያለ ያልፋል። ቀኑ ሲቆረጥ፣ በዋዜማው አንዲት ጎረቤት ምግብ ይዛ ትሄድና በግድ ታበላዋለች፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም ይላል አያ ፋንታሁን። ውሻው ተባብሎ ከግቢ ይወጣል። ከዚያ ጎህ ሊቀድ ሲል ቄሱና ሽማግሎቹ በር ላይ ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ካጥሩ ጥግ ይጠብቃሉ፣ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ “እንግዲህ ወንድሜ፣ ሁላችንም የሰው ልጆች ነን” ብሎ ይጀምራል። ከዚህ አልፎ ሲናገር የሰማ እምብዛም የለም፤ ጩኸቱ ይቀድመዋል።

“አያ ፋንታሁን ሲያረዳ እኮ አንጀት አይበጥስም” ይሉታል። ይሄን ሲሉት ደግሞ ደስ ይለዋል። ወደ ሌላ ቀበሌ ተጠርቶ ሄዶ ሲመለስ አረማመዱ ሁሉ ይለወጥ ነበር።

ያላመሰገነችው አንዲት ይታየሽ ናት። ይታየሽ ባሏ የሞተባት፣ በጥምቀት የሴቶቹን ጭፈራ የምትመራ፣ ድምፅዋ ከዚህ ሸንተረር እዚያኛው የሚሰማ ሴት ነበረች። የበኩር ልጇ መተማ ለአረም ሥራ ሄዶ በወባ ሲሞት ወሬው የደረሰው በጥምቀት ሰሞን ነው። አያ ፋንታሁን በዓሉ እስኪያልፍ ዝም አስባለ። ይታየሽም ታቦት ስትሸኝ ዘፈነች፣ ታቦት ስታስገባ ዘፈነች፣ ላብ እስኪያሰጥማት ዘለለች። ሲያረዷት መጀመሪያ አላለቀሰችም። አያ ፋንታሁንን ትክ ብላ አየችውና “ስዘል አይተኸኛል አይደል?” አለችው።

“ላንቺው ብለን ነው እቴ” አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈን የሚባል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ግን ሐዘኑ ነው ያከፋት ብሎ ተወው።

እንግዲህ ይሄ ሰው ራሱ አንዲት ልጅ ነበረችው። ሚስቱ ቀድማ ስለሞተች ከሰርካለም በቀር ዓይኑን የሚያሳርፍበት የለውም። ሰርካለም ሰቆጣ ከተማ ልብስ ትሰፋለች፤ እንዳለው የሚባል አናጢ አግብታለች። አያ ፋንታሁን ቤቱ ጎድጓዳው ውስጥ ስለሆነ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራለትም፤ ኔትወርኩ ከሸንተረሩ አልፎ አይወርድም። ስለዚህ ልጁ የምትደውለው ከላይ ሸንተረሩ ላይ ወዳለው ወደ ደግሰው ቤት ነው። “ለአባባ ንገሩልኝ” ትላለች፣ ደግሰው ወርዶ ይነግራል። ለዓመታት እንዲህ ነበር።

ደግሰው ባዕድ አይደለም። አብረው ከብት የጠበቁ፣ አብረው ያረሱ፣ ኋላም አበልጅ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሰርካለምን ክርስትና ያነሳቻት የደግሰው ሚስት ሸጌ ናት። እንግዳ እንዳይሰማቸው የፈለጉ እንደሆነ በኽምጣኛ ይንሾካሾካሉ፣ ይሳሳቃሉ። የደግሰው ልጅ ኤርምያስ ከደሃና ልጅ ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ሆኖ አምደወርቅ ድረስ ሄዶ ልጅቱን የጠየቀው አያ ፋንታሁን ነው። በሰርጉም አማቾቹን የሚቀበለው፣ ሙሽሮቹን የሚመርቀው እሱ ነው። “ያለ አንተ ሰርግ የለኝም” ይለዋል ደግሰው።

ሰርካለም ለሰርጉ መምጣቷ የተቆረጠ ነገር ነበር። የክርስትና እናቷ ቤት ሰርግ እንዴት ትቀራለች! አስቀድማም ለአባቷ አዲስ እጀ ጠባብ ሰፍታ ላከችለት፤ አንገቱ ላይ በነጭ ክር ትንንሽ መስቀል ጠልፋበታለች። እሱም ያን እጀ ጠባብ በቀን ሁለቴ እያወጣ ያየዋል፣ እንደገና አጥፎ ያስቀምጠዋል።

ሰርጉ ሲቃረብ ደግሰው ወረደና “ደውላ ነበር” አለው። “ደህና ናት። ሥራ በዝቶብኛልና ለሰርጉ አልደርስም ብላለች።”

“ምን?” አለ አያ ፋንታሁን።

“የሰው ልብስ ይዛ ነው መሰለኝ። ጥር አይደለም እንዴ፣ አገሩ ሁሉ ሰርግ ነው።”

አያ ፋንታሁን ተናደደ። ምን አባቷ ሥራ! ሸጌ በክንዷ ታቅፋ ክርስትና ያነሳቻት ልጅ፣ ዛሬ ለሸጌ ቤት ሰርግ ጊዜ አጣች? ሰው ምን ይለኛል፣ የመርዶ ነጋሪው ልጅ ከተሜ ሆና ዘመዷን ናቀች አይሉም? “ስትመጣ አናግራታለሁ” አለ። “እንዲያውም አላናግራትም።” ደግሰው ዓይኑን ወደ አጥሩ አዙሮ “ተዋት፣ ልጅ ናት” አለና ሄደ። አያ ፋንታሁንም በዚያው ቂሙን ይዞ ከረመ፤ ልጁ በምትጣጣርበት ሰሞን እሱ በልጁ ላይ ያኮርፍ ነበር።

የሰርጉ ዕለት እጀ ጠባቡን ለበሰ። ቢቆጣም ልጁ የሰፋችው ነውና ለሰው ሁሉ አንገቱን እያሳየ “ሰርኬ ናት” ይላል። ሰውም “ያምራል” ይልና ዞር ይላል። ቶሎ ዞር ይላል። ቄስ ገብረ አምላክ፣ እኒያ ከእሱ ጋር ሆነው የስንቱን ቤት በር በጎህ ያንኳኩ ቄስ፣ ሰላም ሲላቸው መስቀላቸውን አሳለሙትና ወዲያው ደግመው አሳለሙት። እርጅና ነው አለ በልቡ። አማቾቹን ተቀበለ፣ ሙሽሮቹን መረቀ፣ “እንደ አብርሃም እንደ ሣራ” አለ፣ ዳሱ በሙሉ “አሜን” አለ። ምርቃቱ ሲያልቅ ሸጌ መጥታ ትከሻው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

“ምነው ሸጌ!” አላት እየሳቀ። “ልጅ ዳርሽ እንጂ ልጅ ሞተብሽ እንዴ?”

ሸጌ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሴቶቹ ተከትለዋት ገቡ። አያ ፋንታሁን ግን ጠላው ሞቅ አድርጎት ነበርና ወደ ጨፋሪዎቹ ገባ። ሽማግሌ ሆኖ እንደዚያ እስክስታ ሲመታ ታይቶ አያውቅም፤ ትከሻው አለቀበት። ከዳሱ ዳር ተቀምጣ የነበረችው ይታየሽ ተነስታ መጣችና እጅጌውን ያዘችው።

“አያ ፋንታሁን፣ ይበቃሃል። ተቀመጥ።”

“ምቀኛ! አንቺ ዘፈን ተውሽ ብዬ እኔም ልተው?”

“ተቀመጥ አልኩህ። በኋላ ታዝናለህ።”

“ሂጂ ወዲያ!” ብሎ እጅጌውን ነጠቃትና ይባስ ዘለለ። እሷም ቆማ ጥቂት አየችውና ነጠላዋን ለብሳ ዳሱን ጥላ ወጣች።

ልጁ በዚያ ሰዓት ሰቆጣ ተቀብራለች። ዳሱ ውስጥ ካሉት የአገሩ ሰዎች ይሄን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው።

መልሱ አለፈ፣ አማቾቹ ወደ አገራቸው ተሸኙ፣ ዳሱ ፈረሰ። በዚያው ምሽት ሸጌ በሰሃን ዶሮ ወጥ ይዛ ወረደች። “የሰርጉ ትራፊ አይደለም፣ ላንተ ብዬ ነው የሠራሁት” አለችው። ጠግቤያለሁ ቢላት “በሞቴ” አለች። አንድ ሁለት ጎርሶ ሊተው ሲል “ሸጌን ቅበር” ብላ እንደገና አጎረሰችው። በላ። ውሻውን ቡቺንም የመንደሩ ልጆች ሥጋ እያሳዩ ወደ ሸንተረሩ ሲወስዱት አየና “ሰርግ ለውሻም ሰርግ ነው” ብሎ ሳቀ። ይሄን ሁሉ የፈለሰፈው እሱ ነው እኮ! ምግቡንም፣ ውሻውንም፣ ሁሉንም። ግን ሰው ገመዱን በራሱ አንገት ላይ መች ያየዋል። ጠግቦ ተኛ።

ጎህ ሊቀድ ሲል የእግር ኮቴ ሰማ። ብዙ ሰው ድምፅ ላለማሰማት ተጠንቅቆ ሲራመድ ኮቴው ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብድግ አለ። ከአንዱ ቤት መርዶ ኖሮ ሊወስዱኝ መጡ ብሎ ጋቢውን ተከናነበ፣ ከዘራውን ያዘ፣ ጉሮሮውን እንኳ ቀድሞ ጠረገ። በሩን ከፈተ። ቄስ ገብረ አምላክ አሉ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ ቢምረው አለ፣ ደግሰው አለ። ካጥሩ ጥግ ሴቶቹ ቆመዋል።

“እግዜር ያጥናን” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ዛሬ ለማን ነው?”

ሁሉም ወደ ደግሰው ዞሩ።

“የማን ቤት ነው? ምነው ዝም አላችሁ?”

ከዚያ ደግሰው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ ወንድሜ” አለ፣ “ሁላችንም የሰው ልጆች...”

አያ ፋንታሁን ከዘራውን ለቀቀው። “ተው” አለ። “ተው፣ ይሄን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ስሙን ብቻ ንገረኝ።”

“ሰርካለም” አለው ደግሰው።

የዚያን ጠዋት ለቅሶ ማውራት ምን ያደርጋል። ደግፈው ወደ አስከተማ አወጡት፣ በሚኒባስ ወደ ሰቆጣ ወሰዱት፤ ቀኝ ክንዱን የያዘው ደግሰው ነበር። መቃብሯ አዲስ አፈር ነው። ሆዷን ታማ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ሳይሆንላት ቀረ ተባለ። መቼ? ሲል ከሰርጉ በፊት አሉት። ጮኸ፣ ወደቀ፣ አነሱት። ያ እጀ ጠባብ አሁንም ገላው ላይ ነው፤ ከሰርጉ በኋላ አላወለቀውም ነበር። ሰርጉን አሰበ። ስንቱ አይቶኛል፣ ስንቱ እያወቀ አጨብጭቦልኛል! ያን ጊዜ ነው የይታየሽ ነገር የገባው።

ግን ይሄም ገና ነበር።

በእንዳለው ግቢ ድንኳን ተጥሏል። አማቹ እንዳለው ሁሉንም ሲስም ለአያ ፋንታሁን ግን እጁን ብቻ ዘረጋለት። ከጎኑ ተቀመጠና ወደ መሬት እያየ “አባባ፣ ሰርጉ እንዴት ነበር?” አለው።

አያ ፋንታሁን የሰማውን አላመነም። “ልጄ፣ ምን ማለትህ ነው?”

“አይ፣ ደህና አለፈ ወይ ብዬ ነው። እሷም እኮ እንዲያልፍ ትጠብቅ ነበር። የሆስፒታሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ‘አባባ ነው?’ ትላለች። እኔም ‘ሰርጉ ባለፈ ማግስት እመጣለሁ ብለዋል’ አልኳት፣ የላኩትን ቃል ነገርኳት።”

“የላክሁትን ቃል?”

“ደውዬ አልነበር እንዴ! ራሷም ደውላለች፣ በዚያ ድምፅዋ። ‘አባባን አምጡልኝ፣ ሳላየው እንዳልሞት’ አለች። እርስዎ ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ብለው ላኩ። ቃልዎን ስነግራት ምን እንዳለች ልንገርዎት? ‘ልክ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ የሰው ሰርግ እንዴት ጥሎ ይመጣል፣ ሰው ምን ይለዋል’ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይቅር አልልዎትም።”

አያ ፋንታሁን ወደ እሱ ዞረ። “ማን ነው እንዲህ ብሏል ያለህ?”

“አያ ደግሰው ነዋ” አለ እንዳለው።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሰው ለለቀስተኛ ውኃ ያድል ነበር። አያ ፋንታሁን ተነስቶ ክንዱን ጨብጦ የእንዳለው ጣውላ ወደተከመረበት ጓሮ ጎተተው። ሸጌ አየች፤ አልተከተለቻቸውም።

“ጠርታኝ ነበር?”

ደግሰው የውኃውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ደግሰው፣ በሰርኬ አፈር፣ ጠርታኝ ነበር?”

“ትድናለች ብዬ ነው ፋንታሁን። በመድኃኔ ዓለም! ሆዴን አመመኝ ነው ያለችው፣ ማን ትሞታለች አለ? ጠላው ተጠምቋል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ አማቾቹ ከአምደወርቅ ሊነሱ ነው። አንተ ከሄድክ ማን ይቀበላቸዋል? ሰርጉ ፈረሰ ማለት እኮ ነው። አገር ምን ይለኛል አልኩ። ልንገረው ብዬ ስንቴ ወረድኩ መሰለህ፣ ደጅህ ደርሼ ተመለስኩ። ኋላም ስትሞት... በቃ ደንቡ ያው ነው አልን። ድግስ እስኪያልፍ አይነገርም። አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?”

“የምንደብቀው የሞተን ነው” አለ አያ ፋንታሁን። “የሞተ ሰው አይጠብቅም፤ አንድ ሳምንት ብትዘገይበት አይቆጣህም። ልጄ በሕይወት ነበረች! በር በር እያየች ነበር! ባትነግረኝስ ባትነግረኝ፣ ያላልኩትን በእኔ ስም ትልክባታለህ? ከልጄ የሰው ሰርግ ይበልጥብኛል አልኩ እኔ? ንገረኝ፣ ብያለሁ?”

“ዝም ብል ደግማ ትደውላለች፣ አንዱ ሰምቶ ይነግርሃል...” ጀመረና ደግሰው ራሱ የተናገረውን ሰምቶ አፉን ያዘ።

ጩኸቱን ሰምተው ቄስ ገብረ አምላክ ዱላቸውን ይዘው መጡ። “ኧረ ተው ልጄ፣ ተው! የለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ይሰማል።”

“እርስዎም ያውቁ ነበር አባ?”

“መሞቷን ነው የሰማሁት። መጥራቷን በሥላሴ አላወቅሁም።” ከዚያ ክንዱን ይዘው በጆሮው “በለቅሷ ላይ ነውር አትሥራባት። ሰው ምን ይላል?” አሉት።

ይቺ ቃል ናት ያንበረከከችው። ሰው ምን ይላል። የሰው አንጀት ተበጥሶ እንኳ ይቺ ቃል ትሠራለች። ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግሰውም ከጎኑ ተቀመጠ፣ አብረው “እግዜር ያጥናችሁ” ተባሉ። አገር ቤት ሲመለሱም ደግሰው ለለቅሶው እንጨት ፈለጠ፣ ለለቀስተኛው ጠላ አስጠመቀ፣ እየዞረ “በርቱ” አለ። ያየው ሁሉ “ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው” አለ። አያ ፋንታሁን ይሄን ሲሰማ ጥርሱን ነክሶ ወደ መሬት ያያል። ከዚያ ወዲህ ግን ሸንተረሩን ወጥቶ ደግሰው ቤት አልሄደም፤ ነገሩንም ለማንም አላወራም። ሸጌ አንድ ቀን ወርዳ ደጁ ላይ ተደፍታ ብታለቅስ “ተነሽ፣ ሰው ያያል” ብቻ አላት።

የካቲት ገባ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር የሚወጣው በደግሰው ቤት ነው፤ ተራው ደርሷል። በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ፣ ሸጋው የሚባል የደግሰው የእህት ልጅ ከሰሃላ በእግሩ መጣ። የአጎቱን ቤት በሩቁ ዞሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀጥታ ወደ አያ ፋንታሁን ደጅ ወረደ። አያ ፋንታሁን ከቄስ ገብረ አምላክና ከቢምረው ጋር አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

“ማን ሞተ?” አለው ቢምረው።

“ኧረ አልሞተችም። አያቴ ናት፣ የአጎቴ እናት። ደክማለች። ውኃ እንኳ አይወርድላትም። ‘ደግሰውን ጥሩልኝ’ እያለች ነው። እንዴት እንደምነግረው አላውቅ ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ።”

ቄስ ገብረ አምላክ ከንፈራቸውን መጠጡ። “ምስኪን። ግን ነገ ማኅበሩ በቤቱ ነው። እንግዳው ተጠርቷል። አርጅታለችም፤ አንድ ቀን ምን ያመጣል፣ ቢያልፍ ይሻላል።” ቢምረውም “ልክ ነው፣ አሁን ማወኩ ምን ይጠቅማል” አለ። ሁለቱም ወደ አያ ፋንታሁን አዩ። ወሳኙ እሱ ነው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። አንዲት ቃል ሳያወጣ፣ እጁን ሳያነሳ፣ ቂሙን የሚወጣበት ነገር ይኸው መዳፉ ላይ ወደቀ። ዝም ቢል የሚወቅሰው የለም፤ እንዲያውም ደንብ አክባሪ ይባላል። ነገ ደግሰው የማኅበሩን ዳቦ፣ ጸዲቁን ይቁረስ፣ ጽዋውን ይጠጣ፣ ይሳቅ፤ እናቱ ደግሞ በሩ ላይ ታፍጥጥ። አያ ፋንታሁን ይሄን ፈልጎታል። እውነት ለመናገር፣ እስከ ጥፍሩ ድረስ ነው የፈለገው። ልቡ ደስ ሊላት ስትል ተሰማው። ግን በሩ ላይ ማፍጠጥ የሚለው ጋ ሲደርስ የሚታየው የደግሰው እናት አልሆነም። ሰርኬ ናት፣ ቀና ብላ “አባባ ነው?” የምትል።

ተነሳ። “ወዴት ነው?” ሲሉት አልመለሰም። ሸንተረሩን እያለከለከ ወጣ። የደግሰው ግቢ ለማኅበሩ የሚረዱ ሴቶችና ወንዶች ሞልተውበታል። አያ ፋንታሁን ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመጣ ሲያዩት ለእርቅ የመጣ መስሏቸው “እሰይ” አሉ፤ ሸጌ እልል ልትልም ቃጥቷት ነበር። ደግሰው ፊቱ በርቶ ተቀበለው። “ግባ፣ ግባ ወንድሜ...”

“አልገባም” አለ አያ ፋንታሁን ደጅ ቆሞ። ጉሮሮውን አልጠረገም። “እናትህ ልትሞት ነው። እየጠራችህ ነው። አሁኑኑ ተነስ።”

ሸጌ ጮኸች፣ ሴቶቹም አብረው ጮኹ። “ኧረ የምን አረመኔነት ነው!” አለ አንዱ። “በእኩለ ቀን? በሰው ፊት? በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ?” ደግሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። አያ ፋንታሁን ጎንበስ ብሎ ለሁለቱ ብቻ በሚሆነው በኽምጣኛ አናገረው። “ላንተ ብዬ አይደለም” አለው። “በር እያየች ላለችው ብዬ ነው። ኋላ ታለቅሳለህ፤ ተነስ።”

ደግሰው ሮጠ። ከሸጋው ጋር በዚያ ሁሉ ገደል ወርደው ሰሃላ ሲደርሱ እናቱ በሕይወት ነበረች። አወቀችው። ፊቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ መረቀችው፣ ውኃ ከእጁ ጠጣች። በማግሥቱ ሞተች፣ በእጁ አፈር አለበሳት።

እንግዲህ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን የሚል ይመስላችኋል? አገሩ በአያ ፋንታሁን ላይ ተነሳ። “ቂሙን ተወጣበት” አሉ። “እንዴት ያለ ጨካኝ ልብ ቢኖረው ነው በር ላይ ቆሞ እንደ እብድ የሚያረዳ!” ማኅበሩ መታወኩ፣ እንግዳው መበተኑ፣ የተጠመቀው መትረፉ ተወራ። እናትየው ልጇን አይታ መሞቷን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ደግሰውስ? ደግሰው ከሰሃላ ተመልሶ ለቅሶ ሲቀመጥ አያ ፋንታሁን ሄደ። አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር፤ ምን ቃል ካላችሁ፣ “ደረስኩላት” የምትል አንድ ቃል ብቻ ብትሆን ይበቃው ነበር። ደግሰው ግን ሰው ሁሉ እያየው ነውና ፊቱን አዞረ። “እናቴን አገኘኋት፣ ተመስገን” አለ ለቄስ ገብረ አምላክ። “ግን እንደ ውሻ ደጅ ቆሞ አረዳኝ። ይሄን አልረሳውም።” ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። አያ ፋንታሁን እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ወዳጁ ሁለተኛ ሸጠው።

ከሰሙነ ሕማማት በፊት ይታየሽ በደጁ ስታልፍ ቆመችና ሳቀች። መሳቅ እንኳ አይባልም። “ሰምተሃል?” አለችው። “መርዶ ነጋሪው ከእንግዲህ ደግሰው ነው። ሽማግሎቹ ተመካክረው። ሆደ ቡቡ ነው፣ ደንብ ያውቃል አሉ።”

“ይሁንለት” አለ።

ይታየሽ ወዲያው አልሄደችም። “ያን ቀን በሰርጉ፣ እጅጌህን ይዤ ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ?”

“ሰው ምን ይለኛል ብለሽ።”

“እሱማ አዎ” አለች። “ደግሞም እንድታየው ፈልጌ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።” ነጠላዋን ሰብስባ መንገዷን ቀጠለች። እሱም አልተቆጣትም፤ ከሁሉም እውነቱን የነገረችው እሷ ናት።

ያን ሳምንት ብቻውን ወደ ሰቆጣ ሄደ። አማቹ እንዳለው ቤት አደረ። ነገሩን ከሥሩ ነገረው፤ እንዳለው ተነስቶ ጉልበቱን ሳመው፣ እራት አቀረበለት። አያ ፋንታሁን ምግብ ዘግቶት ከርሞ ነበር፤ ያን ማታ ግን በግድ በላ። ጎህ ሊቀድ ሲል ተነስቶ ጋቢውን ተከናነበ። እንዳለውን “አንተ ተኛ” አለው።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ ገና አልነጋም። በመጀመሪያው ቀን ደግፈው ሲያመጡት ለልጁ አንዲት ቃል አልተናገራትም ነበር፤ ምን እንደሆነች እንጂ በስሙ ምን ቃል እንደላኩባት አያውቅም ነበርና። አሁን ከራስጌዋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ “እንግዲህ ልጄ” አለ፣ “ሁላችንም የሰው...” ከዚያ አቋረጠው። ሰው ሁሉ በዚያ ቃል ተታሏል። ጎንበስ ብሎ መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈ፤ በልጅነቷ በሚያናግራት በኽምጣኛ፣ እንደሚያረዳ ሰው ሳይሆን መርዶ እንደሚረዳ ሰው ተናገራት።

“ሰርኬ” አላት። “አልነገሩኝም ልጄ። ብሰማ ኖሮ በሌሊት እመጣ ነበር። አልነገሩኝም።”